የሩሀማ መርፌ

መርካቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩዋይዳ፣

ከወራቤ የሚመላለሰው ጠይብ ቅቤውንና ደብዳቤሽን ካመጣልኝ ወር አልፎታል። መልሱ የዘገየው ከንቀት አይደለም። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። አንድ መስመር ሳልጨርስ አንዱ መጥቶ ክር ይጠይቀኛል፣ ሌላው የልብስ ቁልፍ ሲያገላብጥ ቆይቶ ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል። ወደ ወረቀቱ ስመለስ ልጽፍ ያሰብኩት ይጠፋኛል። በስልክ ይቀል ነበር። ግን በስልክ «እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ» ተባብለን ስናበቃ አንዳችን በኔትወርክ አሳብበን እንዘጋዋለን። ወረቀቱ ይሻለናል።

እኔና ባሌ ጓንጉል አለን። ጠዋት ጎማ ተራ ወርዶ በረባሶ ጫማውን ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ይመጣል። እንደ ድሮው አይቀልድም።

ግቢው አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ግማሹ አለ። ከበሩ በስተቀኝ ያሉት፣ እናንተ የነበራችሁባቸው ክፍሎች፣ ፈርሰው በቆርቆሮ ታጥረዋል። የእኔ ቤትና የውሃ ቧንቧው ገና ናቸው። ጠዋት ከአንዋር አዛኑ፣ ከራጉኤል ቅዳሴው፣ እንደ በፊቱ ተቀባብለው ይገባሉ። የማታ ትምህርት ቤታችን የነበረው ፎቅ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ የቤት ሥራዬን ስትገለብጪ ትታይኛለሽ። አስተማሪው «ሁለታችሁም እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ተሳሳታችሁ?» ሲለን «ጎረቤት ስለሆንን ነው» ያልሽው ትዝ ይልሻል? ያን ሁሉ ክፍል አስቀሽ ቅጣቱ ለእኔም ተረፈኝ።

ስለ ዶክተሮቹ የሰማሽው እውነት ነው። የነገረሽ ጠይብ እንደሆነም አውቃለሁ፤ አፉ አያርፍም። ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ኤልሳቤት አንዲት ዶክተር ይዛ ሱቄ መጣች። ዶክተር ሔርሜላ ትባላለች። ለአዳዲስ ዶክተሮች የምታስተምረው መርፌና ኪኒን አይደለም፣ ንግግር ነው። አትሳቂ። ልጃቸውን ማስከተብ ከሚፈሩ ወላጆች ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው የምታስተምረው። «ልጆቻችን በሽታውን ያውቃሉ፤ ፈርታ የመጣች እናት ስታጋጥማቸው ግን ይቆጣሉ። እሷም ትሄዳለች፣ አትመለስም» አለችኝ። ለመለማመጃ እውነተኛ እናት ፈለገች። የእኔ ሥራ ወንበር ላይ ተቀምጬ «አላስከትብም» ማለት ነው። ተለማማጁ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ሆነው ያያሉ።

የመጀመሪያው ልጅ እንደ ሬዲዮ ዜና አነበበልኝ። ይሄን ያህል ሚሊዮን ሕፃናት፣ ይሄን ያህል አገሮች አለኝ። ላቡ ሲንጠባጠብ አንጀቴን በላውና «እሺ ልጄ፣ አስከትባለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ዶክተር ሔርሜላ ከኋላ «እትዬ በለጥሻቸው! ቶሎ እሺ አይበሉ እንጂ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ቀጥላ አንዲት ልጅ ተቀመጠች። እምቢታዬ ሲበዛባት «ለመሆኑ ልጅዎን ይወዳሉ?» አለችኝ። ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁ። ስለ ሩሀማዬ ማንም አልነገራት፤ ምን ታድርግ። በኋላ ዶክተር ሔርሜላ ነግራት ኖሮ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ ማለት አቅቷት ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። እኔ ነኝ ያባበልኳት።

ጓንጉል «ታዲያ ለምን ትመለሺያለሽ?» ይለኛል። ለእሱ ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ልጅ እንዳለኝ አድርጎ ያናግረኛል። «ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው? ምን መብላት ትወዳለች?» ይሉኛል። እኔም እመልሳለሁ።

ልጅሽ ዋፋ እንኳን በደህና ወልዳ ለዚህ በቃች። አያት ሆነሽ አላየሁሽም፤ የልጅ ልጅሽን ነጅዋን ሳሚልኝ። መርፌዋንስ ጀመረች?

ያንቺው በለጥሻቸው


ወራቤ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017

በለጥዬ፣

ሰላም ላንቺና ለጓንጉል ይሁን። ደብዳቤሽን ዋፋ አነበበችልኝ፤ መነጽሬ ከተሰበረ ቆይቷል። ጽሕፈትሽ ግን ተሻሽሏል። ያኔ ከአንቺ የገለበጥኩት ሁሉ ስህተት የነበረው በማን ጥፋት እንደሆነ እንተወው።

ነጅዋ አልሐምዱሊላህ ስምንት ወሯ ነው። ጥርስ አወጣችና እናቷን ትነክሳለች። ሳቋ ደግሞ የትልቅ ሰው ሳቅ ነው፤ ከጓዳ ስሰማት ማን መጣ ብዬ እወጣለሁ።

ስለ መርፌ ጠየቅሽኝ። ከማንም ጠብቄ ከአንቺ አልጠብቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዋፋ ተደብቃኝ አስወግታታለች፤ እሺ፣ ያ አለፈ። በዘጠኝ ወር የሚወጉትን የዚያችን በሽታ መርፌ ግን አይሆንም ብያለሁ። ስሟን አልጽፍም። እናቶቻችን እንዳሉት እንግዳዋ ልበላት። እንግዳዋ የልጅ ገላ ውስጥ ከገባች መርፌ ያስቆጣታል፤ ይሄን እናትሽም እናቴም ነግረውናል። ከቆዳ በላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። መግባቷን ደግሞ ሰው አያውቅም፤ ተደብቃ ነው የምትቆየው። ታዲያ ምን ዋስትና አለኝ?

ለምን ከሩቅ ምሳሌ አመጣለሁ? ሩሀማ አለች አይደል? ዘመቻ ነው ብለው ግቢ ለግቢ ሲዞሩ ያቺን ክንድ ወግተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሳምንት እንኳ በእግሯ አልቆመችም። ወላሂ እስካሁን ድምፅዋ ይሰማኛል። አሻንጉሊቷን እንደ ኩንታል ትከሻዋ ላይ ጭና፣ በግቢው መሀል «ዞር በሉ! ዕቃ ነው! ዞር በሉ!» እያለች የተሸካሚዎቹን አካሄድ ስትሄድ፣ ትልልቁ ሰው ሁሉ እውነት መስሎት መንገድ ይለቅላት ነበር። ያ መርፌ ባይነካት ዛሬ ትምህርት ቤት ነበረች።

አንቺ ግን ከእነሱው ጋር ትውያለሽ። አትቆጪኝ። ገርሞኝ ነው።

እዚህ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር እንግዳዋ ገብታለች ይባላል። ዋፋ ነጅዋን ጤና ጣቢያ ካልወሰድኩ ብላ ታለቅሳለች። ባሏ ሳዑዲ፣ ሪያድ ነው፤ ስትደውልለት «እናትሽ እንዳለች» ይላታል። እናቷ ደግሞ አይሆንም ብላለች። በዚህ ነገር እንዳትጽፊብኝ።

ሩዋይዳ


መርካቶ፣ ጥር 16 ቀን 2017

ሩዋይዳ፣

ተቆጥታለች ወይ ብለሽ በጠይብ ልከሽብኛል። አልተቆጣሁም። ይልቅ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ፣ ደግሜ ጽፌ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ክርክር ሆነብኝ፣ ሁለተኛው ልቅሶ።

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ታቦቱ ሲመለስ እናትሽ በር ላይ በርሜል ውሃ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን እንደ እኛ ሰዎች አጣፍተው፣ ለዘማሪው ሁሉ በጣሳ ሲያጠጡ ትዝ አሉኝ። አንዱ «እማማ፣ የየትኛው ደብር ነዎት?» ሲላቸው «የቧንቧው!» ያሉት። ዘንድሮ በር ላይ የቆመ አልነበረም። ጓንጉል ትከሻው ቀለለውና ከሰው ተለይቶ ወደ ቤት ገባ። በፊት ሩሀማን እዚያ ላይ ነበር የሚያስቀምጣት።

ስለ ነጅዋ እንዳትጽፊብኝ ብለሻል፤ አልጽፍም። ስለ እኔ ልጻፍ።

ባለፈው ሰሞን ሁዛይፋ የሚባል ልጅ ተቀመጠልኝ። ቀጭን ነው፤ ጋዎኑ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል። ሌሎቹ ገና ሳይቀመጡ ይጀምራሉ። እሱ ተቀምጦ ወንበሩን አስጠጋና «እትዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» አለኝ። የዚያን ዕለት እንድለው የተነገረኝ «መርፌው ያመክናል ሲባል በስልክ አይቻለሁ» የሚል ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «መርፌው እንግዳዋን አስቆጥቶ ልጄን ገደለብኝ» አልኩት።

ዶክተር ሔርሜላ ልታስቆመው ተነሣች። ተዪው አልኳት በእጄ።

ልጁ ተሳስተዋል አላለኝም። «አያቴም የእንግዳዋን ስም አትጠራም ነበር» አለኝ። ቀጥሎ «ልጅዎ እንዴት ያለች ልጅ ነበረች?» አለ። ነገርኩት። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እንደመጣችልኝ፣ የልብስ ቁልፎቼን በቀለም በቀለም ለይታ ካላስቀመጠች ሱቅ እንደማልከፍት። በዘጠኝ ወሯ መከተብ የነበረባት ኮሮና በገባበት ሰሞን እንደሆነ፣ ያኔ ወደ ጤና ጣቢያ ድርሽ የሚል ሰው እንዳልነበረ። ዘመቻው ሲመጣ እኔው ራሴ ክንዷን ይዤ እንዳስወጋኋት። ሁሉንም። ከዚያ «መርፌው ከመምጣቱ በፊት ምን ይታይባት ነበር?» አለኝ።

ሩዋይዳ፣ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዓይኗ ቀልቶ ያለቅስ ነበር። ጣራው ላይ ካለችው መስተዋት የሚገባውን ብርሃን እየሸሸች ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ትቀብር ነበር። ያስላት ነበር። የበርበሬ በረንዳ ብናኝ መስሎኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ስናገር ራሴን እሰማዋለሁ።

ልጁ «እኔ የማውቀውን ልንገርዎት? ካልፈለጉ ዛሬ ይቅር» አለኝ። ንገረኝ አልኩት። ኩፍኝ ቀዩ ነገር ከመታየቱ ቀድሞ እንደሚገባ ነገረኝ። ሩሀማ ስትወጋ በሽታው ውስጧ እንደነበረ፤ መርፌው ዘግይቶ መጣ እንጂ እንዳላስቆጣው፣ ወደ ሳንባዋ የወረደው በሽታው ራሱ እንደሆነ። መጨረሻ ላይ «እዚያ አልነበርኩም እትዬ። ከነገሩኝ ተነሥቼ የማውቀው ይሄን ያህል ነው» አለኝ። ማንም አላጨበጨበም። ዶክተር ሔርሜላ የዚያን ዕለት ትምህርቱን በዚያው ዘጋችው።

ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። መርፌውን እየጠሉ መኖር ይቀል ነበር። የምጠላውን ወስደውብኝ እጄ ባዶውን ቀረ። ያንን ሰሞን ሱቅም አልከፈትኩ።

አሁን እንደ ልጁ እኔም ልጠይቅሽ። ከመርፌው በፊት ስለነበረው፣ እኔና አንቺ ብቻ ስለምናውቀው፣ ልጻፍልሽ? ካልፈለግሽ ይቅር። ስለ ገበያ እጽፍልሻለሁ። ባለፈው ደብዳቤሽ የሁሉንም ደህንነት ጽፈሽ የትንሹን ልጅሽን የፈርሀትን ሳትጽፊ ቀርተሻል። እንዴት ነው?

በለጥሻቸው


ወራቤ፣ የካቲት 6 ቀን 2017

በለጥዬ፣

ደህና ነን። ዝናቡ አስቀድሞ ጀመረ፤ የፈርሀት አባት እንሰቱን ሲነቅል ወገቡን አሞት ተኝቷል። ረመዳን ሊገባ ነው። እዚህ የምሠራው ሳምቡሳ እንደ መርካቶው አይሆንልኝም፤ ዘይቱ ነው መሰለኝ፤ ዋፋ ግን እጅሽ ነው ትላለች። ፈርሀት አንደኛ ክፍል ገብቷል። ደህና ነው። ቁመቱ ትከሻዬን ሊደርስ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አይታይም። ደጃፋቸው ላይ መጋረጃ ጋርደዋል። ምን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ እነሱም አልነገሩን። ዋፋ ነጅዋን አቅፋ ከጓዳ አትወጣም፤ እኔንም አታናግረኝም።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ አትጻፊ። ያለፈ አልፏል።

ሩዋይዳ

ወረቀቱን አጥፌ ለጠይብ ልሰጠው ስል መልሼ ከፈትኩት። ጻፊው።


መርካቶ፣ የካቲት 15 ቀን 2017

ሩዋይዳ እህቴ፣

ጠይብ ነገ ማለዳ ስለሚወርድ ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ከሩቁ ልጀምር። ልጆች ሳለን እንግዳዋ ግቢያችን የገባች ጊዜ ያዘችኝ። እናትሽ «ሌሎቹም አብረው ይያዙና እንገላገል» አሉ። በእናንተ ቤት፣ በአንድ ፍራሽ፣ በአንድ ብርድ ልብስ አስተኙን። እናቴ ጠበል ስትረጨን እናትሽ ቁርኣን ያነቡብናል። አንቺ ከብርድ ልብሱ ሥር «የማንኛቸው ይሆን የሚሠራው?» ብለሽ አስቀሽኝ፣ በሳሉ ላይ ሳቁ ተጨምሮ ልሞት ነበር። ተሽሎን ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችንን ወግቶን ተያይዘን በር ላይ የቆምነውን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በሽታዋን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ብርድ ልብስና ያንቺ ቀልድ ነው። ሰው እንዴት በሽታን ይናፍቃል? እኔ እናፍቀዋለሁ።

ግን ብርድ ልብሱ ሥር ሦስት ነበርን። የጋሼ ሰብሐት ልጅ ሔለን በግድግዳው በኩል ተኝታ ነበር። እሷ በሩ ላይ አልቆመችም። ስንት ዓመት ይሄን ታሪክ እየተጨዋወትን ስንስቅ ስሟን አንሥተን እናውቃለን? የምናወራው የዳንነው ነን።

አሁን ወደ ቅርቡ። ከዘመቻው በፊት፣ ወንፊት ልዋስ ቤትሽ የገባሁ ቀን፣ መስኮቱ ተጋርዶ ነበር። ፈርሀት ተኝቷል፤ ፊቱ ላይ ቀዩ ነገር ወጥቶበታል። ሩሀማ አጠገቡ ተቀምጣ ብስኩት ለራሷ ትነክስና ለሱ ታጎርሰዋለች። አየሁ። አንቺም እንዳየሁ አይተሻል። ወንፊቱን ይዤ ወጣሁ፤ ልጄን አልጠራሁም፤ አንቺም ውጪ አላልሻትም። እኔና አንቺ እንዲያ ነው ያደግነው። ክፋት በመሀላችን አልነበረም።

የዘመቻው ልጆች ሲመጡ «ፈርሀት አገር ቤት ነው» ስትያቸው በር ላይ ቆሜ ነበር። እንዳይወጉትና እንዳይቆጣ ብለሽ ነው። ልጅሽን ልታድኚ ነው። እኔም ብሆን እላቸው ነበር።

በዚያ ወር ደግሞ እንግዳዋ ያልገባችበት የመርካቶ ግቢ አልነበረም። ከፈርሀት ይሁን፣ ከሱቄ ደጃፍ ይሁን፣ ከታክሲ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ሁዛይፋን ጠይቄዋለሁ፤ አይታወቅም አለኝ።

ዕቃሽን አይሱዙ ላይ ስትጭኚ በመስኮት አየሁሽ። ልትሰናበቺኝ መጥተሽ «አማቴ ታመው ነው» ስትዪኝ ዓይኔን ሸሸሽ። ለምን እንደምትሄጂ ያን ጊዜ ገባኝ። አትሂጂ ልልሽ ነበር፤ ሳልልሽ መኪናው ተነሣ። ያቺን ልጅ ካጣሁ በኋላ ያጣሁሽ አንቺን ነው። ግቢው ውስጥ ስሟን ጠርታ የምትስቅ ሌላ ሰው አልነበረችኝም።

መርፌው ገደላት ስትዪ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ ያልኩሽም ስለዚህ ነው። አሁን ግን መርፌውን ለቀቂው ሩዋይዳ፣ አያስፈልግሽም። በእኔ ዘንድ ቤትሽ ምንም ጥፋት የለበትም። ኖሮበትም አያውቅም።

ዶክተር ሔርሜላ ለልጆቹ ሁልጊዜ የምትለው አለ፤ ጠይቁ፣ አድምጡ፣ አስፈቅዳችሁ ንገሩ፣ ውሳኔውን ለወላጅ ተዉ፣ አትለምኑ፣ አታስፈራሩ። እኔም ጠይቄሻለሁ፣ አድምጬሻለሁ፣ አስፈቅጄሻለሁ። ውሳኔውም ያንቺና የዋፋ ነው። ግን እኔ ዶክተር አይደለሁም። እለምንሻለሁ። እንግዳዋ ሳትደርስባት ነጅዋን ውሰዷት።

በለጥሻቸው


ወራቤ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017

በለጥዬ፣

«ምን አለች?» እያልሽ ጠይብን አስቸገርሽው አሉ። እሱም እኔን አስቸገረኝ። ጾሙ ይለፍ፣ ዒዱ ይለፍ እያልኩ ነው የቆየሁት እንጂ የሆነውስ ገና ደብዳቤሽ በደረሰ ሰሞን ነው።

ወስደናታል።

ቀላል እንዳይመስልሽ። ጤና ጣቢያው ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ነው። ተራችን ደርሶ ስንገባ ነርሷ ገና ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን ለአውቶቡስ ተራ ወያላነት ይበቃል። «ክንዷን አውጪ!» አለች ዋፋን። እኔ ቆይ አልኩ። «እንግዳዋ ጎረቤታችን ገብታለች። ምናልባት ይቺም ውስጥ ገብታ ከሆነ መርፌው አያስቆጣትም ወይ?» አልኳት። ሳቀች በለጥዬ! «ውይ እማማ፣ ይሄ ወሬ እስካሁን አለ?» ብላ ጓደኛዋን ጠቀሰቻት።

ነጅዋን ከዋፋ እጅ ነጥቄ ወጣሁ። ዋፋ ከኋላዬ እየሮጠች «እማ፣ በአላህ፣ እማ!» ትላለች። ሰው ሁሉ ያየናል። አጥሩ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ለበለጥሻቸው ምን ብዬ ነው የምጽፍላት? ሳቁብኝ ብዬ ተመለስኩ ልበላት? አልኩ በልቤ። ተመልሼ ገባሁና ነርሷ ፊት ቆሜ «ልጄ፣ አሁን ሳትስቂ መልሺልኝ። ተወግታ የሞተች ልጅ አውቅ ነበር» አልኳት። ልጅቷ መርፌውን አስቀመጠች። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና ሁዛይፋ ለአንቺ ያለውን ያህል ነገረችኝ፤ ቃሉ ይለያል እንጂ። ገብታም ከሆነ መርፌው አይጎዳትም፣ ካልገባች ይከላከልላታል አለችኝ። በእጄ ይዣት ተወጋች። እኔ ነኝ የያዝኳት። ያቺን ነርስ ግን ለዶክተር ሔርሜላሽ ላኪልኝ፤ ልቧ ጥሩ ነው፣ አፏ ይሠልጥን።

ማግስቱን ትኩሳት ነበራት፤ ስምሽን እያነሣሁ ስረግምሽ ዋልኩ። ከዚያ ለቀቃት። ይሄው ወር አለፋት፣ ደህና ናት፣ ትነክሳለች።

የጎረቤታችንን ልጅ አትጠይቂኝ።

ስለ ፈርሀት የጻፍሽውን ዋፋ አይደለችም ያነበበችልኝ። መነጽር አሠርቼ ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ ብዙ ጊዜ። መልሱን መጻፍ አልችልም። ሳገኝሽ ከወጣልኝ ይውጣ።

በግንቦት ሩሀማ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ልመጣ አስቤያለሁ። ዋፋና ነጅዋም ይመጣሉ። ፈርሀት ካልሄድኩ ብሏል፤ ስለ እሷ ይጠይቀኛል፤ ምን እንደማስታውስ፣ እሱም የሚያስታውሰውን ይነግረኛል። ብስኩቱን ያስታውሳል። በለጥዬ፣ እሱን ማየት ትችያለሽ? ካልቻልሽ አልቀየምም፤ አክስቱ ጋ ትቼው እመጣለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ።

ሩዋይዳ


መርካቶ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017

ሩዋይዳ፣

ይዘሽው ነይ።

ቶሎ ያልመለስኩት ሳመነታ አይደለም። ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካው ያዘኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጠይብ ጠፋብኝ። ደብዳቤሽን ለጓንጉል ድምፄን አውጥቼ አነበብኩለት። ሲያዳምጥ ቆየና ፈርሀትን ያነሣሽበት ጋ ስደርስ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ከፋው ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት። በሩ ላይ ዞር ብሎ «የልጁ እግር ስንት ቁጥር ሆኖ ይሆን?» አለኝ። በገመድ ለክተሽ ለጠይብ ስጪው።

ሠልጣኞቹ ጨርሰው በየክፍለ ሀገሩ ተበትነዋል። በሰኔ ሌሎች ይገባሉ፤ ዶክተር ሔርሜላ ይመጣሉ ወይ ብላኛለች። የነርሷን ነገር ነገርኳት። አልሳቀችም፤ «ተመልሶ ወንበር ማምጣቱን ማን አስተማራት?» አለችኝ።

መንገዱ እንዳይጠፋሽ። አውቶቡስ ተራ ስትወርዱ በድሮው በኩል አትምጡ፤ ተቆፍሯል። በራጉኤል በኩል ዞራችሁ አዲሱን ሕንፃ ወደ ቀኝ ተዉት። ቆርቆሮው አጥር አጠገብ ስትደርሱ ቆማችሁ ጥሩኝ። የፈረሰውን ቤትሽን ብቻሽን እንዳታዪው፤ እኔ ወጥቼ አብረን እናየዋለን።

ፈርሀት ሲመጣ አለቅስ ይሆናል። አስቀድመሽ ንገሪው፤ በሱ እንዳልሆነም ንገሪው። የሚያስታውሰውን ሁሉ ይንገረኝ፤ እኔ የማላውቀው ይኖር ይሆናል።

ነጅዋን አጣጥበሽ እንዳታመጪያት። አቧራ ብትለብስም ትልበስ፣ እንዳለች አምጪያት። ውሃውን አሙቄ እጠብቃለሁ። እኔ ነኝ ገላዋን የማጥባት።

በለጥሻቸው